የሰው ድምፅ አልብሰው

በቅርቡ ኮምፒውተሬ ላይ የወጣች አንዲት ጥያቄ ሥራ አስፈትታኝ ሰነበተች። «ከተጠቃሚዎችህ ምን ዓይነት የግል መረጃ ትሰበስባለህ? የት ታስቀምጠዋለህ? አጥፋልኝ ያለህ ቢኖርስ እንዴት ታጠፋለታለህ?» ትላለች። የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ለሕዝብ ሊያወጣ የተነሳ ሰው ሁሉ ይህችን ሳይመልስ አያልፍም። እኔም ሠርቻለሁና መጣችብኝ።

ወደ ስድሳ የተጠጋ የቆቦ ሰው መተግበሪያ ሠራ ሲባል ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይበል። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ የሬዲዮን ሆድ ዕቃ ያወቅሁ፣ እንግሊዝኛን ከቴፕ መመሪያ ወረቀት ላይ የለቀምሁ፣ ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ የገራሁ ሰው ነኝ። መተግበሪያዬን «ምን ወጣ?» ብያታለሁ፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ስናገኝ የምንጠይቀው ነው። ፊደል የማያውቅ ገበሬ አንዲት ቀይ ክብ ተጭኖ በገዛ አፉ «አንድ ጊደር አለችኝ፣ ሮቢት ገበያ ነኝ» ይላል። ዋጃ ያለው ነጋዴ ይሰማዋል። ይኸው ነው። ለማየት ቀላል ነው፤ ለማሰብ ግን እኔን ይጠይቃል።

ወልድያ ቢሮ ለምትሠራው ልጄ ለሰናይት ደወልሁላት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው» አለችኝ። «የሌላውን ገልብጠህ ለጥፍበት። ማን ያነበዋል ብለህ ነው?»

«እኔ ከማን ገልብጬ አውቃለሁ?»

«እሺ በቃ፣ አንተ ከማንም አትገለብጥም። የሰዎቹን ድምፅ ግን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«የትም። ገበያው ሲበተን ይጠፋል። እንዲጠፋ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«ውይ አባዬ! ለምን? የዚህን አገር ሰው አነጋገር እንደ ልብ የሚያገኝ የለም እኮ። ዛሬ ድምፅ የሚፈልግ ብዙ ነው። አስቀምጠው፤ አይበላብህ፣ አይጠጣብህ።»

ምክንያቱን ልነግራት ጀመርሁና በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ተውሁት። እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ፣ ጠጉሬን ወደ ኋላ የማበጥር ጎረምሳ ነበርሁ። ቆቦ ከመኪናው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። የቆቦን በጋ ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው? የመበየጃ ካውያዬ ሳይግል እርሳሱ ይለሰልስ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በሩን ገፍቶ ገብቶ በፈታሁት ሬዲዮ ውስጥ ይተኛል። እኔም በቀጭን ብሩሽ እየጠረግሁ እሠራለሁ። ሌሎች ጠጋኞች የታመመውን ለማግኘት ጤነኛውን ሁሉ ይፈቱ ነበር። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ብቻ አውቀው ነበር። ከጎብዬ እስከ አላማጣ እጄ ያልገባበት ቴፕ አልነበረም።

ከጥገናው በላይ ስም ያወጣልኝ ግን ድምፅ መቅዳቴ ነው። ጅዳ፣ ጅቡቲ፣ አሰብ የሄደ ዘመድ ያለው ሁሉ ካሴት ይዞ ይመጣል። በሱቄ ጥግ ወፍራም መጋረጃ ሰቅዬ ነበር፤ ተናጋሪው ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጣል፣ እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከወዲህ ሆኜ እቀዳለሁ። ሁሉን እሰማለሁ። ማን እንደ ከዳ፣ ማን እንዳረገዘች፣ ማን የወንድሙን መሬት እንደ ተመኘ። ሕጌ አንድ ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁት ከሱቁ አይወጣም። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ እኔው አወጣሁት፣ እኔው ጠበቅሁት።

የእኛ አገር ሰው ካሴት ላይ ሲናገር ዋናውን ጉዳይ በሁለት ቃል ጨርሶ ሰላምታው ላይ ይከርማል። ሰላምታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አያ እገሌን ሰላም በሉልኝ፣ እትዬ እገሊትን ሰላም በሉልኝ» እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል። ከሁሉ በላይ ግን በሰው አገር ያስጠጋ፣ ያበላ፣ ያጠጣ ሰው ስሙ ሳይጠራ ካሴቱ ከተዘጋ ነውር ነው፤ ውለታ በላ ያሰኛል። «ይበቃል፣ ክሩ አለቀ!» እያልሁ ማይኩን ከስንቱ እጅ ነጥቄያለሁ።

እማማ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ኡመር የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። ኡመር ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ያሲን ከሚባል ጎረቤቱ ጋር በጎርፍ ተራ ተጣላ። በቆቦ ሜዳ የኖረ ያውቀዋል፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በየተራ ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን፣ ተራ የነጠቀ ከአፍ እንደ ነጠቀ ነው። ያሲን ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ኡመር በዱላ መታው። ያሲን ሞተ። ኡመር በዚያው ዕለት በዞብል ተራራ በኩል ወደ ዓፋር ቆላ ወረደ፤ የት እንደ ገባም የሚያውቅ ጠፋ። የሟቹ ወንድም አራጋው ደሙን ሳይመልስ ጎፈሬውን ቅቤ ላያስነካ ማለ።

አራጋው የማላውቀው ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። ጎሊና ወንዝ አብረን ዋኝተናል፤ ጥንቅሽ ከሰው ማሳ አብረን ሰርቀን፣ ልጣጩ ከንፈራችንን እየቆረጠው ተሳስቀን በልተናል። የጥንቅሽን ጣዕም የሚያውቅ ቆላ ያደገ ሰው ነው፤ ውኃው ጣፋጭ፣ ቅርፊቱ ምላጭ።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው በሚታጨድበት ሰሞን፣ ጨው ጭኖ ለገበያ የወጣ አንድ የዓፋር ግመል ነጂ ለእማማ ዘሀራ ካሴት አመጣላቸው። ማጫወቻ ስለሌላቸው በነጠላቸው ሥር ደብቀው ወደ እኔ መጡ። በሩን ዘግቼ አሰማኋቸው። ኡመር ነው። ደህና ነኝ ይላል፣ አታልቅሺ ይላል። የገባበትን አገር አንድም ቦታ አልጠራም፤ ልጁ ብልህ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሰላምታው መጣ። «ያስጠጋኝ አሊ ሽቦ ሰላም ይልሻል። ሚስቱም ልጆቹም ሰላም ይሉሻል።»

አሊ ሽቦ! በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌርና ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ባለ ወፍጮ ነው። አገሩን ቢጠራ ይሻለው ነበር። አገር ሰፊ ነው፤ አሊ ሽቦ ግን አንድ ነው።

«እማማ፣ ይህ ካሴት ቤትዎ መግባት የለበትም» አልኋቸው። «አሁኑኑ ላጥፋው።»

«ስታጠፋው ምን ይሆናል?»

«ምንም። ባዶ ይሆናል። ሽ ይላል፣ በቃ።»

እንደ ተመታ ሰው ደረታቸውን ያዙ። «ባዶ አታድርገው ልጄ። ባዶማ የሙት ነው። ወላሂ፣ ልጄን በገዛ አፌ ቅበሩት እንደ ማለት ነው። ይልቅ የሰው ድምፅ አልብሰው። የደስታ ድምፅ ይልበስ። ልጄ ከሥሩ ይተኛ።»

ካሴት ላይ ድምፅ በድምፅ ላይ እንደማይደረብ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እንደሚበላው አስረዳኋቸው። ማስረዳት እችልበታለሁ፤ እሳቸው ግን ድምፅን እንደ ጋቢ ነበር የሚያስቡት። «አላህ ያውቃል፣ ከሥር ይኖራል» አሉኝ። ካሴቱ የእሳቸው ነው፣ ድምፁ የልጃቸው። የሰውን ነገር በግድ ማጥፋት ደግሞ ከሕጌ ውጭ ነበር። ነጠላቸው ሥር መልሰው ከተው ወጡ።

በጥር ጎረቤታቸው እትዬ በለጡ ልጃቸውን ዳሩ። እማማ ዘሀራም «የሠርጉን ዘፈን ቅዱበት» ብለው ያንን ካሴት ለሙሽራዋ ሰጡ። እንደ እሳቸው ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ልብስ ከየት ይገኛል? የሙሽራው ወንድም በራሱ ቴፕ ዘፈኑን ቀዳበት። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ለቅልቅሉ ድግስ የድምፅ ማጉያዬን ይዤ ተጠራሁ። ያለ እኔ ማጉያ በዚያ ዘመን ድግስ ድግስ አይባልም ነበር። ዳሱ በማሽላ አገዳ የተከደነ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው የገለባ ሽታ ከወጡ ሽታ ጋር ይወርዳል። የክርስቲያኑ ፍሪዳ በአንድ ወገን፣ የእስላሙ ለብቻው ታርዶ በሌላ ወገን ይቀርባል፤ ሰዉ ግን ተቀላቅሎ ይጫወታል። እማማ ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። አራጋውም ከዳሱ ማዶ፣ ጠጉሩ እንደ ደረቀ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ይበላል።

ከቀትር በኋላ የሙሽራው ወንድም ካሴት አቀበለኝ። «የሠርጉ ዕለት ዘፈን ነው፤ ልቀቀው።»

ለቀቅሁት። ሰዉ የራሱን ድምፅ ከማጉያ ሲሰማ አበደ። «ያቺ እኔ ነኝ!» ትላለች አንዷ። «ኧረ አያ ካሣን ስሙት፣ ያናፋል እኮ!» ይላል ሌላው። አያ ካሣም «አንተ ደግሞ መዝፈን ትተህ ስትቅም ነው የተቀዳኸው!» ብለው መለሱለት። ሳቁ ሳያባራ ዘፈኑ አለቀ። ካሴቱ ሽ አለ። ሌላ ልቀይር እጄን ስዘረጋ፣ ከምሰሶው አናት ከተሰቀለው ጥሩምባ የኡመር ድምፅ ወጣ።

«...አታልቅሺ እማዬ። ያስጠጋኝ አሊ ሽ...»

ገመዱን ከባትሪው ላይ ነቀልሁት።

ዘፈኑ ከካሴቱ አጥሮ ነበር። ሰላምታው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነበር። ያላለበሱት ያንኑ ቁራጭ ነው።

የዚያን ቀን ፍጥነቴን ዛሬም አደንቀዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፉን ሲፈልግ ስሙ ተጠርቶ ባለቀ ነበር። ቢሆንም የወጣው ወጥቷል። የእማማ ዘሀራን ፊት አየሁ። መጀመሪያ ያየሁበት ደስታ ነው፤ ልጃቸውን ሰምተዋላ! ድንጋጤው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አራጋው ደግሞ የጠቀለለውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ካሴቱን ይዤ ወደ ሱቄ ሮጥሁ። በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠየቅሁም። ሁለቱንም ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠፋሁት፤ የሠርጉም ዘፈን አብሮ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አራጋው መጣ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«የትናንቱን ካሴት አሰማኝ።»

«ጠፍቷል። እንካ፣ ራስህ ስማው።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ አወለቀው።

«አሊ ማን ነው ያለው?»

«እኔ የማዳምጠው ድምፁ መጥራቱን ነው። ቃል አላዳምጥም።»

ሳቀብኝ። «አንተ? ‹ጆሮዬ የጉንዳን ሳል ይሰማል› እያልክ አይደል አገሩን የምታሰለቸው? ዛሬ ደነቆርክ?»

«ዛሬ ደነቆርኩ።»

«ያሲንን አብረን ነው የቀበርነው፣ ሞላ። አፈሩን አንተም መልሰሃል።»

«መልሻለሁ።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው የምትደብቀኝ? ለገዳዩ?»

«ለማንም ብዬ አይደለም። ነገ አንተም ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ትቀመጥ ይሆናል። ያኔ አፌ እንዲህ ክፍት ቢሆን ትወዳለህ?»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አኖረው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። «አሊ የሚባል ምን ያህል ቢበዛ ነው?» አለ። «አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።»

እማማ ዘሀራ ያንኑ ግመል ነጂ አፈላልገው ለልጃቸው ቃል ላኩ። የላኩትን ነግረውኛል። «ካለህበት ውጣ። የምትገባበትን ለእኔም እንዳትነግረኝ። እናትህ ካላወቀች ከእናትህ አፍ የሚያወጣው አይኖርም» ነው ያሉት። ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ግን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ይፈቱታል፣ ጠቅልለው ይፈቱታል።

አራጋው ቆላ ወርዶ ከረመ። ሲመለስ ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እጁ ባዶ ነበር። አሊ ሽቦ ዘንድ ደርሶ ነበር አሉ፤ ወፍጮው እየዞረ ነው፣ ኡመር ግን የለም። ያን ቀን ደስ አለኝ። ለማንም ባላወራውም ለራሴ ደጋግሜ አወራሁት፤ አንድ ነፍስ በእጄ ተረፈች አልሁ። ዛሬም እላለሁ።

ኡመር ግን ከዚያ ወዲያ ካሴት አልላከም። እናቱ ያዘዙትን ልጅ ሆኖ ፈጸመ።

ክረምት ገብቶ ወጣ። ሌላም። በመጨረሻ ሽማግሌዎችና ሸሆች ሁለቱን ወገን ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ሲጨቃጨቁ ከርመው ደሙን አደረቁት። አራጋው በሰው ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ ኡመር በያሲን ምትክ ወንድሜ ነው» ብሎ ማለ። ጎፈሬውንም ተቀባ። እማማ ዘሀራ ከዚያ እርቅ ቀጥታ ወደ ሱቄ መጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሞላዬ፣ ደሙ ደረቀ! ልጄ ይምጣ! እንዴት ብዬ ልንገረው?»

ምን ልበላቸው? ግመል ነጂው አያውቅም። አሊ ሽቦ ተጠይቆ «ሲሄድ የሚሄድበትን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም» ብሏል። ያኔ አራጋው ተነሳ። ሊገድለው በሄደበት መንገድ ሊያመጣው ሄደ። ወፍጮ ቤቱን፣ የመኪና ማደሪያውን፣ የጨው ሜዳውን ጠየቀ። ሰዎቹ ግን ያ ሰው ቀድሞ በምን ዓይን ይፈልገው እንደ ነበር አልረሱም። የሚያውቅም ካለ አልነገረውም። እንደ ፊተኛው ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ። በሱቄ በር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝ።

አንድ ቀን እማማ ዘሀራ ገብተው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። የሚቀዱ መስሎኝ ማይኩን አቀበልኋቸው፤ መለሱልኝ።

«ያቺን ካሴት አጥፍተሃታል?»

«አጥፍቻታለሁ፣ እማማ።»

«አጥርተህ ነው?»

«አጥርቼ ነው።»

«እስቲ ከሥር እንየው።»

ካሴቱን አወጣሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ጎን ለጎን ተቀምጠን አዳመጥን። ሽ ይላል። ውጭ መኪና ያልፋል፣ ፍየል ትጮኻለች፤ ከቴፑ ግን ሽ ብቻ። «ቆይ» ይላሉ እጄን ይዘው፣ «አሁን ያለ መሰለኝ።» መልሼ አሰማቸዋለሁ። የለም። የመቅጃዬን ራስ እኔው ነበርሁ የማጸዳው፣ የማስተካክለው፤ በአገሩ እንደ እሱ የሚያጠፋ አልነበረም። በሕይወቴ ሥራዬ ጎዶሎ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሆነች ጥግ፣ የሆነች «እማዬ» የምትል ቁራጭ ባመለጠችኝ! አላመለጠችኝም። ካሴቱን ነጠላቸው ሥር ከተው ሄዱ።

ኡመር አልመጣም። ሞተ የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። እማማ ዘሀራ ካረፉ ቆይተዋል፤ አራጋውም በቅርቡ ተከተላቸው። እሱን ሳስበው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጥንቅሽ ስንበላ ነው የሚታየኝ።

ሰናይት ትናንት መልሳ ደወለች። በስልክ አያልቅም ያልሁትን ሁሉ ነገርኋት። ሰምታኝ ስትጨርስ «አባዬ» አለች፣ «ነገ አንዱ መጥቶ ‹የሞተው አባቴ ጊደር ሲሸጥ የተናገረው ድምፅ አለህ ወይ?› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

ልጄ ናት፤ አእምሮዋን ከማን እንደ ወረሰች ግልጽ ነው። ስልኩን ዘግቼ መተግበሪያዋን እንደገና ፈታኋት። አሁን ድምፁ በተናጋሪው በራሱ ስልክ ውስጥ ይቀራል። ልያዘው ካለ ይይዘዋል፣ ላጥፋው ካለ ያጠፋዋል። ወደ እኔ የመጣው ግን ገበያው ሲበተን ይጠፋል። ይህን ያህል ያሰበበት ሰው ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ልቤ ግን አላረፈም። እማማ ዘሀራ የራሳቸው ማጫወቻ አልነበራቸውም። ቢኖራቸውም ያ ቤት የልጃቸውን ድምፅ ሸሽጎ ማኖር አይችልም ነበር። ለእሳቸው የሚሆን መተግበሪያ እስካሁን አልሠራሁም፤ እኔ ያልሠራሁትን የሚሠራ ደግሞ በዚህ ወረዳ አላውቅም።

ኮምፒውተሬ ላይ የወጣችውን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት መለስሁ። ከማንም አልገለበጥሁም፤ በገዛ ቃሌ እውነቱን ጻፍሁ። ድምፅ አላስቀምጥም፣ ስም አልጠይቅም፣ ያጠፋሁትን መመለስ አልችልም አልሁ። ከእንግዲህ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ከእኔ ዘንድ አንዳች አያገኝም፤ ደም ፈላጊም፣ እናትም።